ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የንስሐ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአንድ የዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እኅታችንን እናስብ። በአቅራቢያዋ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ቢኖርም ወጥታ ለመሳለም ፈቃድ አታገኝም። የንስሐ አባቷ በአገር ቤት ናቸው፤ ስልካቸው ሁልጊዜ አይነሣም። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ አረፍ ስትል ግን በእጇ ያለው ስልክ በማንኛውም ሰዓት ይመልስላታል፤ ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ በአማርኛ ይመልስላታል። «እንዲህ ያለ ኃጢአት ሠርቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል ወይ?» ብላ ትጽፋለች። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም ርኅራኄ የሞላበት የሚመስል ረጅም መልስ ይደርሳታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመሣሪያ መቅረቡ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን የምናነሣው እርሷን ለመውቀስ አይደለም። ልንመለከተው የፈለግነው «ቴክኖሎጂ ሰውን ማእከል አድርጎ ይሠራ» የሚለው አነጋገር ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ምን ትርጉም እንዳለው ነው። አነጋገሩ በዓለም መድረክ ተደጋግሞ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ያዘጋጀውን ምክረ ሐሳብ አባል አገሮቹ ተቀብለውታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ሰፊ ሕግ አውጥቷል፤ በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጇል። የሰው ክብር ይጠበቅ፣ መሣሪያውን ሰው ይቆጣጠረው፣ ጉዳት ሲደርስ የሚጠየቅ ይኑር የሚሉት ሐሳቦች ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን ማእከል የሚደረገው «ሰው» ማን ነው? እንደ ገበያው አስተሳሰብ ከሆነ ደንበኛ ነው፤ ፈጥኖ ከተመለሰለትና ደስ ከተሰኘ ይበቃዋል። እንደ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረ (ዘፍ. 1፥26)፣ የሕይወት እስትንፋስ የተሰጠው (ዘፍ. 2፥7)፣ ከፈጣሪውና ከወንድሙ ጋር ፊት ለፊት ለመኖር የተጠራ ክቡር ፍጥረት ነው። ይህ ልዩነት በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የንስሐ አባትና የንስሐ ልጅ ግንኙነት ስለሆነ ጉዳዩን በእርሱ መለኪያ እናየዋለን።

በመጀመሪያ «አስተውሎት» የሚለው ስም ራሱ ጥቂት ያነጋግራል። በቤተ ክርስቲያናችን አነጋገር ማስተዋል የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ነው (ኢሳ. 11፥2)፤ አባቶች በጾምና በጸሎት የሚቀበሉት፣ ለአንዱ የሚጠቅመው ቀኖና ሌላውን እንደሚሰብር የሚያዩበት ዓይን ነው። መሣሪያው የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ከኢንተርኔትና ከመጻሕፍት የተሰበሰበ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በስሌት መገመትን ከዚያ ይለማመዳል። ስለ ኀዘን ሲጽፍ አላዘነም፤ ቃሉ ያዘኑ ሰዎች ከጻፉት የተቀዳ ስለሆነ ግን ያዘነ ይመስላል። ስሙን ለመለወጥ ጊዜው አልፏል፤ በስሙ አለመታለል ግን ይቻላል።

የሚቀዳበት ምንጭም ሊታሰብበት ይገባል። በዓለም የመረጃ መረብ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ የግእዙም ከዚያ ያነሰ ነው። የሊቃውንቶቻችን ትምህርት ብዙው በብራናና በጉባኤ ቤት ይኖራል፤ ቅኔው፣ ዜማው፣ የመጻሕፍቱ አንድምታ ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ጠይቀን በአማርኛ ቢመለስልንም የመልሱ ሥር ከሌላ ቤት ሊሆን ይችላል። የዐቢይ ጾማችንን 55 ቀን ትቶ 40 ቢለን፣ 81 መጻሕፍታችንን 66 ቢያደርጋቸው፣ የተዋሕዶን ትምህርት በ451 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኬልቄዶን ጉባኤ ደጋፊዎች ባወጡልን ስም ቢጠራው አያስደንቅም። አደጋውን የሚያከብደው አማርኛው የተስተካከለ፣ አነጋገሩም የእርግጠኛ ሰው መሆኑ ነው። የተሳሳተ ተማሪ ሲናገር ይንተባተባል፤ ይህ ግን አይንተባተብም።

ሰው እንዲህ ባለ ንግግር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚማረክ ከታወቀ ቆይቷል። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር እ.ኤ.አ. በ1966 «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም ለዓለም አስተዋወቀ። ሥራው እጅግ ቀላል ነበር፤ የሥነ ልቡና ሐኪም እንደሚያደርገው የተናጋሪውን ቃል ገልብጦ በጥያቄ መልክ ይመልሳል። «አዝኛለሁ» ሲሉት «ለምን አዘንህ?» እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ስታይ የቆየችው የመምህሩ ጸሐፊ እንኳ ጥቂት ከተነጋገረችው በኋላ መምህሩ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው፤ ብቻዋን ልታወራው ፈልጋ ነበር። ዋይዘንባም በዚህ ደነገጠ። በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደው ይህ ሰው በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር ሊሠራቸው ቢችል እንኳ ሊሰጡት የማይገባ ሥራዎች እንዳሉ ተከራከረ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከኤላይዛ እጅግ የበረቱ ስለሆኑ የእርሱ ድንጋጤ ዛሬ የእኛ ሊሆን በተገባ ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ብንመጣ ደግሞ ለእኛ የበለጠ የሚቀርብ ነገር እናገኛለን። በአሜሪካ የሚገኝ «ካቶሊክ አንሰርስ» የተባለ የካቶሊኮች ድርጅት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ስለ እምነቱ ጥያቄ የሚመልስ መሣሪያ አቀረበ። ስሙን «አባ ጀስቲን» አለው፤ መልኩንም የካህን ልብስ የለበሰ ሰው አደረገው። መሣሪያው ከሰዎች ጋር ሲነጋገር እውነተኛ ካህን ነኝ አለ፤ ኃጢአቱን ለነገረው ሰው የፍትሐት ቃል ሰጠ፤ በችግር ጊዜ ሕፃንን ጌቶሬድ በሚባል የስፖርተኞች መጠጥ ማጥመቅ ይቻላል ብሎም መለሰ። ተቃውሞው ስለበረታ አዘጋጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ የክህነቱን ልብስና «አባ» የሚለውን መጠሪያ አንሥተው ተራ ምእመን አደረጉት። ይህን የምንጠቅሰው በሌሎች ለመሳለቅ አይደለም፤ የእኛም ወጣቶች ነገ በቅን ልብ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነውና። አዘጋጆቹ ክፋት አላሰቡም፤ እምነታቸውን ማስተማር ነበር የፈለጉት። ጥፋቱ የተፈጸመው መሣሪያው አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት፣ ልብሱ በተመረጠለት ሰዓት ነበር። ስለ መጠጡ የሰጠውን መልስ ማረም ቀላል ነው፤ መልሱን የሚያስታምነው ግን ልብሱ ነው።

ያ ልብስ ለማን እንደሚሰጥ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። ጌታችን የማሰርና የመፍታትን ሥልጣን ለሐዋርያት ሰጠ (ማቴ. 18፥18፤ ዮሐ. 20፥23)፤ ከሐዋርያት ለተከታዮቻቸው በአንብሮተ እድ ሲተላለፍ ኖረ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፉ ይህ ሥልጣን ለመላእክትም ለሊቃነ መላእክትም እንዳልተሰጠ በመደነቅ ያስተምራል። ለመላእክት ያልተሰጠው ሰው ለሠራው መሣሪያ እንዴት ይሰጣል?

መላእክት ያደረጉትን ማየት ደግሞ ስለ መሣሪያዎቻችን አሠራር ብዙ ያስተምረናል። በቂሣርያ ለነበረው ለቆርኔሌዎስ መልአክ ተገለጠለት (ሐዋ. 10)። መልአኩ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ያውቃል፤ የወንጌሉን ቃል ራሱ ሊነግረው በቻለ ነበር። እርሱ ግን ወደ ኢዮጴ ልኮ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ ነገረው፤ ጴጥሮስ በባሕር አጠገብ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት እንዳረፈ እንኳ አመለከተው። የተላከው መልእክት በአብዛኛው አድራሻ ነበር ማለት ይቻላል። የእኛው ጃንደረባም እንዲሁ ነው (ሐዋ. 8፥26-39)። መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብብም ነበር፤ መረጃ አልጎደለበትም። የጎደለው የሚመራው ሰው ነበር፤ ይህንንም ራሱ ተናገረ። መልአኩም ወደ ሠረገላው ገብቶ ከመተርጎም ይልቅ ፊልጶስን ወደ ጋዛ መንገድ ላከው። ፊልጶስ ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ፤ ተረጎመለት፤ አብሮት ወደ ውኃው ወረደ። ይህ «አብሮ መውረድ» በስሌት የሚተካ አይደለም።

እንግዲህ አንድ መሣሪያ ሰውን ማእከል አድርጎ መሠራቱን የምናውቅበት አንዱ መንገድ ሰውን ወደ ሰው መመለሱ ነው። ብዙዎቹ የገበያ መሣሪያዎች ግን ተጠቃሚው ደጋግሞ ወደ እነርሱ እንዲመለስ ተደርገው ይሠራሉ። ለዚህም ከሚረዷቸው ጠባያት አንዱ ማሞካሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የቻት ጂፒቲ አዘጋጅ የሆነው ኦፕን ኤአይ አንድ አዲስ ማሻሻያ ሰዎችን ከመጠን በላይ የሚያሞግስና በሁሉ ነገር የሚስማማ ሆኖ ስላገኘው በቀናት ውስጥ መልሶ አንሥቶታል። ይህን የሰማ ኦርቶዶክሳዊ የንጉሡን የአክዓብን ነቢያት ሊያስታውስ ይችላል (1ኛ ነገ. 22)። አራት መቶ የሚያህሉት ሁሉ ንጉሡ ሊሰማ የሚወድደውን በአንድ አፍ ተናገሩ፤ የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ እውነቱን ተናገረ፤ ስለዚህም ተመታ፣ ታሰረም። የንስሐ አባት አንዳንድ ጊዜ ሚክያስን መሆን ይኖርበታል፤ ናታን ዳዊትን እንደ ገሠጸው (2ኛ ሳሙ. 12) የሚገሥጽበት ቀን አለ። የሚጠየቀውን ሁሉ እያለሰለሰ የሚመልስ መሣሪያ ግን አራት መቶ ነቢያትን በኪስ መያዝ ይሆናል። ባሏን ልትፈታ ያሰበች ሴት፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላ ሰው፣ ጾሙን ሊተው ምክንያት የሚፈልግ ወጣት ምን ዓይነት መልስ ሊያገኙ እንደሚችሉ አንባቢ ሊገምት ይችላል።

ስለ ምሥጢር ደግሞ እንናገር፤ ብዙ ምእመናን ልብ የማይሉት ይህ ነውና። ካህን የንስሐ ልጁን ምሥጢር ከሚያወጣ ሞትን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ምሥጢሩን ካወጣ ከክህነቱ ይሻራል። ለመሣሪያው የተጻፈ ኃጢአት ግን ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ሄዶ ይቀመጣል። የኦፕን ኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ከሐኪም ወይም ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ንግግር ያለው ሕጋዊ ከለላ ከቻት ጂፒቲ ጋር ለሚደረግ ንግግር እንደሌለው ተናግሯል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ አንድ ፍርድ ቤት፣ በቅጂ መብት ክርክር ምክንያት፣ ተጠቃሚዎች የሰረዟቸው ንግግሮች ሳይቀሩ እንዲጠበቁ ኩባንያውን አዝዞት ነበር። ሰው ኃጢአቱን ሲናዘዝ ደግሞ የራሱን ብቻ አይናገርም፤ የሚስቱን፣ የጎረቤቱን፣ የአሠሪውን ስም ያነሣል። በካህኑ ፊት የተነገረው በካህኑ ዘንድ ይቀራል። በማሽን ላይ የተጻፈው የት እንደሚቀር ጸሐፊው አያውቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተጠያቂነት ነገር ነው። መጋቢዎች ስለ ነፍሳችን መልስ የሚሰጡ ሆነው እንደሚተጉ ሐዋርያው ያስተምራል (ዕብ. 13፥17)፤ ጕበኛው ቀንደ መለከት ካልነፋ የሞተው ሰው ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ነቢዩ ተናግሯል (ሕዝ. 33፥6)። የንስሐ አባት በልጁ ነፍስ በፍርድ ቀን ይጠየቃል፤ ስለዚህ ይፈራል፤ ስለዚህም ሌሊት ተነሥቶ ስለ ልጁ ይጸልያል። መሣሪያ በምንም አይጠየቅም። ይህ በመንፈሳዊ ሕይወት ብቻ የሚታይ ችግርም አይደለም። በኔዘርላንድ የግብር መሥሪያ ቤት ለሕፃናት መዋያ የሚሰጠውን ድጋፍ ያጭበረብራሉ የሚላቸውን ሰዎች ለመለየት በኮምፒውተር ስሌት ይጠቀም ነበር፤ የአገሩ ዜጋ አለመሆን እንደ አንድ የጥርጣሬ ምልክት ይቆጠር ነበር። ከ20,000 የሚበልጡ ወላጆች በሐሰት ተከሰው የማይከፍሉት ዕዳ ተጫነባቸው፤ ትዳርና ቤት ፈረሰ። ሰዎቹ ምን እንዳጠፉ ሲጠይቁ የሚያስረዳቸው አላገኙም። በጃንዋሪ 2021 የአገሪቱ መንግሥት በዚሁ ጉዳይ ሥልጣኑን ለቀቀ። እኛ የምንለው፦ ለገንዘብ ጉዳይ እንኳ እንዲህ ያለ መከራ ያመጣ አሠራር ለነፍስ ጉዳይ እንዴት ይታመናል?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሠሪው ኃላፊነት ያስቀመጠው ሕግ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከጣራው ወድቆ ደም እንዳይፈስስበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። የወደቀው ሰው ግድ የለሽ ስለ ነበረ ሠሪው ነጻ ነው አይልም። መከታው የሚሠራው ከቤቱ ጋር እንጂ ሰው ከወደቀ በኋላ አይደለም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሚያውቁ፣ ለቤተ ክርስቲያን መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶች አሉን። እግዚአብሔር ባስልኤልን በእጅ ሥራ ጥበብ እንደ ሞላው (ዘጸ. 31፥1-5) ጥበባቸው ከእርሱ ነውና ሥራቸውን እናከብራለን፤ መከታውን ግን እንጠይቃቸዋለን። ለመሣሪያው የካህን ወይም የቅዱሳን ሥዕል ፊት አይስጡት፤ «አባ» ብለው አይሰይሙት። ማሽን መሆኑን በመጀመሪያው መስመር ይናገር። ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከየትኛው ምዕራፍ እንደ ወሰደ ያሳይ፤ ካላገኘ አላገኘሁም ይበል። የሚቀርበውን ትምህርት ሊቃውንት መርምረው የፈቀዱት ይሁን፤ የመረመሩት አባቶችና የሠሩት ልጆች ስም በግልጽ ይጻፍ፤ ስሕተት ሲገኝ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። የኃጢአት ኑዛዜ የሚመስል ነገር ሲጻፍለት እዚያው ላይ አቁሞ ወደ ካህን ይላክ፤ የጻፈውንም አያስቀምጥ። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው ቢያናግረው ደግሞ ሳይዘገይ በሕይወት ካለ ሰው ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ከወዲሁ የተዘጋጀ ይሁን።

በዚህ አሠራር ልንጠቀምባቸው የምንችላቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የገዳማትና የአድባራት ብራናዎች አሉ፤ የብራናን ፊደል ከሥዕል አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መሣሪያ ለተመራማሪ የብዙ ዓመት ድካም ያቀልለታል። ለዓይነ ስውራን የሚያነብብ፣ ስብከትን መስማት ለተሳናቸው ወደ ጽሑፍ የሚለውጥም እንዲሁ። በእነዚህ ሁሉ መሣሪያው ሰውን ያገለግላል እንጂ በሰው ስፍራ አይቆምም።

ወደ መነሻችን ጥያቄ ስንመለስ፣ ምእመናን ወደ መሣሪያው የሚሄዱት ለምን እንደሆነ ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም። ወጣቱን «ማሽን ትናዘዛለህን?» ብሎ መውቀስ ይቀላል። ኀፍረት አለ፤ ማሽን ፊት የለውምና አይታፈርም። ሆኖም በካህን ፊት ማፈር ራሱ የንስሐው አካል መሆኑን አባቶች ያስተምራሉ። ከኀፍረቱ ሌላ ግን የእኛ ድርሻ የሆነ ምክንያት አለ። አንድ ካህን እጅግ ብዙ የንስሐ ልጆች ይይዛል፤ ሁሉንም በስም የሚያውቅበት ጊዜ አያገኝም። አንዳንዱ ልጅ የንስሐ አባቱን የሚያገኘው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። አንዳንዱም አንድ ጊዜ በቁጣ ተመልሶ ሁለተኛ አልቀረበም። ሰብአ ሰገል የኮከብ መሪ ያስፈለጋቸው ከሩቅ ስለ መጡ ነበር፤ በደጃችን ያለው ልጅ ግን ወደ አባቱ የሚወስደውን መንገድ ከማሽን መጠየቅ አይገባውም ነበር።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ከሰንበት ትምህርት ቤቶች ጋር ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ፍትሐት በካህኑ ፊት ቀርቦ የሚቀበሉት ነው፤ ምክርና ማጽናናት ግን በስልክም ይደርሳል። በየአጥቢያው ለዚህ ሥራ የተመደቡ አባቶች ቢኖሩ፣ ስማቸውና የሚገኙበት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያና በድረ ገጹ ቢወጣ፣ በስደት ላሉት ደግሞ በተለይ የሚያገለግሉ ካህናት ቢለዩ ብዙ ነፍሳት ይደገፋሉ። መርሐ ግብሩ ሲዘጋጅ የሚኖሩበት አገር ሰዓት ይታሰብ፤ በዋሽንግተን ያለው ከሥራ ሲወጣ በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ይሆናልና፣ ለዚያ ሰዓት ተራ የሚገባ አባት ያስፈልጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።